የሁለቱ ወንድማማቾች ዕረፍት

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት እናት አሏቸው። ታላቅየው «እማዬ ባሕር ሳታይማ አትቀርም» ብሎ በሐምሌ ኦሽን ሲቲ ወሰዳቸው። መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አርብ ከሰዓት ግን ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የቼሳፒክ ድልድይ ላይ መኪናው ተጠራቅሞ ሲደርሱ መሽቷል። ክፍሉ አትላንቲክን ፊት ለፊት ያያል፤ ዋጋውም ያስደነግጣል። በማግስቱ እናትየው አሸዋው ላይ ጥቂት እንደተራመዱ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ልጃቸው አንዴ ልጆቹን ከማዕበሉ ሲጠብቅ፣ አንዴ መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ፣ አንዴ ምግብ ቤት ወረፋ ሲይዝ፣ እሳቸው ሰገነቱ ላይ ባሕሩን ብቻቸውን ሲያዩ ዋሉ።

በዓመቱ ተራው የታናሽየው ሆነ። እሱ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ወደ ቨርጂኒያ ተራሮች፣ ሆት ስፕሪንግስ ወዳለው ሆምስቴድ ወደሚባል ማረፊያ ይዟቸው ሄደ። ወንድሙ ሳቀበት፤ «ዱላ ጨብጠህ ታውቃለህ? የጎልፍ ሜዳ ምን ያደርግልሃል?» ቦታው በጎልፈኞች ዘንድ ስመ ጥር ነው። የመጀመሪያው የኳስ መምቻ ቦታ ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቋረጥ እየተመታበት ነው፤ በፒጂኤ ቱር የጎልፍ ውድድሮች 82 ጊዜ ያሸነፈው ሳም ስኒድም በልጅነቱ እዚያ የሰው ዱላ ተሸክሟል። ታናሽየው ይህን አላወቀም። ዱላ ተከራየ፣ ኳሶቹን ጫካ ውስጥ ጨረሰ፣ ሰዓት ሳይሞላው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ አጣ። እናቱን ደግፎ ዎርም ስፕሪንግስ ፍል ውሃ ወሰዳቸው፤ ቶማስ ጀፈርሰን በ1818 እ.ኤ.አ. ለቁርጥማቱ የተዘፈቀበት ነው። እናትየው ጠበል እንደሚገባ ሰው አማትበው ገቡ። ከሰዓት በረንዳው ላይ ከተደረደሩት ተወዛዋዥ ወንበሮች ሁለቱን ያዙና የሞተውንም ያለውንም ዘመድ ሲያነሡ ሲጥሉ መሸ።

ጎረቤት «የቱ በለጠ?» ቢላቸው፣ «ትልቁ ልጄ ባሕር አሳየኝ፤ ትንሹ አብሮኝ ዋለ» አሉ።

ታላቅየው በፍቅር አልሰነፈም፤ የሳተው ሒሳቡን ነው። የኦሽን ሲቲ ዳርቻ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለቅርበቱ ብቻ ነበር፤ ቅርበት ደግሞ የሚጠቅመው አሸዋው ላይ ለሚውል ሰው ነው። የተራራው ማረፊያ ደጁንም ጭምር ያከራያል። ጎልፍ የማይጫወተው እንግዳ እንኳ በሜዳው ምክንያት ሕንፃ ያልተገጠገጠበት ሰፊ አረንጓዴ ደጅ ያገኛል፤ ይህን ጥቅም ኳሳቸውን የሚከተሉት ጎልፈኞች የሚያስተውሉት አይመስለኝም። ይረክሳል ብሎ የሚሄድ ካለ ግን ያዝናል፤ ሆምስቴድ ርካሽ አይደለም።

የልጅ ልጆቹ ተጠይቀው ቢሆን ደግሞ መልሱ ሌላ ነበር። ለእነሱ ሲባል እኔም ድልድዩን እሻገራለሁ፤ ክፍሉን ግን ከባሕሩ ሁለት ሦስት መንገድ ገባ ብዬ ነው የምይዘው።