መራቅ ሌላ፣ መሸሽ ሌላ



የሰላምታ ዋጋ የሚታወቀው ሰላምታ ሲከለከል ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ እጅ ለእጅ መጨባበጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መሳሳም፣ የአባቶችን ጉልበት መሳም ሁሉ እንደ ነውር የተቆጠረበትን ጊዜ አይተናል። ዛሬ ያ ዘመን እንደ ሩቅ ታሪክ ይወራል። እኔ ግን ከዚያ ዘመን ያደረ አንድ ዕዳ አለብኝ። ዕዳው ጥያቄ ሆኖ ሲከነክነኝ ስለ ኖረ ለአንባብያን ላካፍለው ወደድሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሰው በሽታን ፈርቶ ከሰው ሲርቅ፣ መራቁ እስከ የት ድረስ ተገቢ ነው? ከየት ጀምሮስ የጎረቤትን ሐቅ መብላት ይሆናል?

በዚያው መጋቢት ወር አጋማሽ የአክስቴ ባል ማረፋቸው ተነገረኝ። ዘመዶቼ የሚኖሩት በመንዝ ደጋ፣ በመሐል ሜዳ አካባቢ ነው። አያቴ የመንዝ ባና እየገዙ ወደ ይፋት ቆላ የሚያወርዱ፣ ከቆላው ደግሞ በርበሬና ጥጥ የሚያወጡ ነጋዴ ነበሩ። ብርዱን ለምደው በዚያው ቤት ሠርተው ቀሩ። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ አብዛኛው ክርስቲያን ነው።

ከአዲስ አበባ ወጥተን ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ጠብ ተነሣ። ግማሹ ተሳፋሪ በበሽታው ምክንያት መስኮት ይከፈት አለ። ግማሹ ደግሞ ብርድ ሊገድለን ነው፣ ይዘጋ አለ። በነፋስ መመታትን ከበሽታ ሁሉ አብልጠን የምንፈራ ሕዝብ ነንና መስኮቱ ተዘጋ። እኔም አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ዝም አልሁ።

ጀናዛው ተቀብሮ ነበርና የደረስሁት ለተዕዚያ ነው። አክስቴ ከበር ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው እያለቀሱ ወደ እኔ መጡ። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «አክስቴ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት፤ በሽታ ይዤ እንዳልሆነ አላውቅም» አልኋቸው። የተዘረጋው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከለቀስተኛው አንዱ፣ «የከተማ ሰው ሲጸየፍ አያችሁ?» ሲል ሰማሁት።

ነገሩን ያበረዱት የጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ ከአክስቴ ባል ጋር አብረው ያደጉ፣ በአንድ እድር የኖሩ። ተነሥተው መጡና ዱላቸውን በእኔና በአክስቴ መሐል መሬት ላይ አጋደሙት። «በቃ፤ ልጁ እውነቱን ነው። ዱላዬ መሐላችሁ ትሁን። አንቺ ወዲያ ሆነሽ አልቅሺ፣ እሱም ወዲህ ሆኖ ያልቅስ። እንባ ዱላ አይከለክለውም» አሉ። እኛም እንደዚያ አደረግን። ያን ቀን ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኒያ ሽማግሌ ተማርሁ።

በዚያን ሰሞን በከተማም በገጠርም የነበረውን ክርክር አንባብያን ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የጀመዓ ሶላት እንዲቋረጥ ባሳወቀ ጊዜ ብዙዎቻችን ደነገጥን። ቀጥሎም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ መጨባበጥም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። የ2012 ረመዳን ተራዊሕ በየቤታችን ተሰገደ። ግንቦት 16 ቀን የዋለው ዒድም ስታዲየሙን የሚሞላው ሕዝብ ሳይታይበት አለፈ። በዚያው ዓመት ሐጅ ከውጭ አገር አንድም ሐጃጅ ሳይገባ በሳዑዲ ዐረቢያ በነበሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈጸመ። «የአላህን ቤት መዝጋት እንዴት ይቻላል? ተወኩላችን የት ሄደ?» ያለ ሰው ብዙ ነበር።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከምትባል ሥፍራ ላይ በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰሓባዎችን አማክረው ለመመለስ ቆረጡ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ሲጠይቋቸው፣ አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል መልስ ሰጡ። ምሳሌም ጨመሩ፦ ግመሎችህን ይዘህ አንዱ ጎኑ ለምለም፣ አንዱ ጎኑ ደረቅ ወደ ሆነ ሸለቆ ብትወርድ፣ በየትኛውም ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን? ይህን ምሳሌ በግ አርቢው የመንዝ ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ለምለሙን ትቶ ድንጋይ ላይ በጎቹን የሚያሰማራ እረኛ ተወኩል አለው አይባልም።

በበኩሌ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። በራሴ ሕይወት ላይ በአላህ መመካት የእኔ ጉዳይ ነው። በአክስቴ ሕይወት ላይ ግን እኔ የምመካበት ምን ሥልጣን አለኝ? ኮሮና የያዘው ሰው ሳያስለው፣ ሳያተኩሰው ሌላውን ሊያስይዝ ይችል ነበር። ስለዚህ «እኔ አልፈራም» እያለ እጁን የሚዘረጋ ጎበዝ፣ የሚዘረጋው የራሱን ድፍረት ሳይሆን የሌላውን ነፍስ ነበር። በዚህ ምክንያት ያን ቀን ወደ ኋላ ማፈግፈጌን ዛሬም አልጸጸትበትም።

ደግሞስ እኛ ኢትዮጵያውያን ተራርቆ መዋደድን ከኮሮና ነው የተማርነው? በዚያ ደጋ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ሠርግ ሲሆን ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፣ ለብቻው ድስት ይጣዳል። ይህ መለያየት ነው፤ ግን ማንም ተጸየፈኝ ብሎ አይቀየምም። ለምን ቢባል ከልዩ ድስቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አለ፤ ቡናው፣ ዳቦው፣ ለቅሶው፣ የአውድማው ደቦ። አባቶቻችን በአንዱ በኩል ከተራራቁ በሌላው በኩል መቀራረብን ያውቁበት ነበር። እኔም በአክስቴ ቤት የሠራሁት ትክክል የሆነው ሽማግሌው ዱላውን ከእንባው ጋር ስላመጡልኝ ነው።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከሳዑዲ ዐረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተባርረው መጡ። አዲስ አበባ ሲደርሱ በለይቶ ማቆያ እንዲቆዩ ተደረገ። ከእነርሱ አንዷ የእኒያው ባለ ዱላ ሽማግሌ ልጅ ነበረች። አሥራ አራት ቀኗን ጨርሳ፣ ወረቀቷን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ገባች። አገሩ ግን ወረቀቷን አላነበበላትም። የዒድ ዕለት አክስቴ ስልክ ደወሉልኝ። «በየዓመቱ ለጎረቤታችን ዳቦና ቡና እልካለሁ። ዘንድሮ ልጅቱ ከዐረብ አገር መጥታለች ብለው ሰው ሁሉ ሸሽቷቸዋል። አንተ የተማርህ ነህ፤ ልላክ ወይስ ይቅር?» አሉኝ።

እኔም ሳላመነታ፣ «ይቅር! እንዳትጠጓቸው» አልሁ።

ልጅቱ ጊዜዋን መጨረሷን አውቅ ነበር። ዳቦ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ መመለስ እንደሚቻልም አውቅ ነበር። ከሳምንት በፊት እኔ ራሴ አዲስ አበባ በአንድ ባለ ገንዘብ ቤት ተጋብዤ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ሲበላ አብሬ በልቻለሁ። ለባለ ገንዘቡ ያልፈራሁትን በሽታ ለተባረረችው የቤት ሠራተኛ ፈራሁት። ነገሩን እዚህ ላይ ገልጦ መናገር ያሻል፤ ያ ጥንቃቄ አልነበረም፤ የጥንቃቄን ልብስ የለበሰ ንቀት ነበር። አክስቴም የተማረ ሰው ቃል ነው ብለው ታዘዙኝ። ባላቸው ሲሞቱ ዱላውን ያጋደሙት ሰው ያን ዒድ ደጃፋቸው ሳይንኳኳ ዋለ።

ውድ አንባብያን! ኸሊፋ ዑመር ያደረጉት ልክ መሆኑን ያረጋገጠላቸው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙት ሐዲስ ነበር። ያ ሐዲስ ሁለት ክንፍ አለው። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አትግቡ ይላል፤ ባላችሁበት አገር ከገባም ሸሽታችሁ አትውጡ ይላል። በኮሮና ዘመን ከየአቅጣጫው ሲነገር የሰማነው የመጀመሪያው ክንፍ ነው። ሁለተኛውን ሊቃውንት በብዙ መንገድ አብራርተውታል። ኢማም አል ገዛሊ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ልብ የሚነካ ነው፤ ጤነኞች ሁሉ ከወጡ በሽተኞች ውኃ የሚያቀብላቸው፣ የሚያስታምማቸው ያጣሉ ይላሉ። እንግዲህ ያው ሐዲስ መራቅን ሲያዝ መተውን ይከለክላል። አቡ ዑበይዳም ከሕዝባቸው ሳይለዩ በዚያው ወረርሽኝ አልፈዋል። ከእርሳቸው ቀጥሎ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል አለፉ። ከዚያ በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ ሰዉ በየተራራው እንዲበተን አዘዙ፤ በሽታውም ተነሣ (ረዲየላሁ ዐንሁም)። መበተኑም አለመተዉም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ነበሩ።

የእኛም አገር ይህን ያውቃል። በኅዳር 1911 በገባው የኅዳር በሽታ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው በዳኑበት ጊዜ፣ የከፋው መከራ መታመሙ ብቻ አልነበረም። በየቤቱ ሁሉም ስለ ወደቀ ውኃ የሚያቀብልና ሬሳ የሚያነሣ ጠፋ።

ታዲያ መራቅን ከመሸሽ በምን እንለየዋለን? ከራሴ ስሕተት የተማርኋቸው ሦስት መለኪያዎች አሉ።

አንደኛው፣ ርቀቱ ለሁሉም አንድ ነውን? ለሀብታሙ አጥሮ ለድኻው የሚረዝም ከሆነ የሚለካው በሽታን አይደለም።

ሁለተኛው፣ በተነሣው እጅ ፈንታ ምን ተተካ? እጅ ካልተጨበጠ አሰላሙ ዐለይኩም ከሩቅ ይሰማ። ለሰላምታ የተሻለውን ወይም ተመሳሳዩን መልሱ የተባልነው በአንደበት ጭምር ነው። ደጃፍ ካልተገባ ምግብ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ።

ሦስተኛው፣ ምክንያቱ ሲያልቅ ርቀቱም ያልቃልን? ለዚህ የመንዝ ሰው ከጓሳ የተሻለ ምሳሌ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ የሚገኘውን ያን የሣር ምድር አባቶች በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ከብት አይገባም፣ አጫጅ አይገባም ነበር። ጊዜው ሲደርስ ግን ተከፍቶ ሰዉ የቤት ክዳኑን ያጭድ፣ ከብቱን ያሰማራ ነበር። ጓሳ የሚዘጋው ሊከፈት ነበር። የእኛ ቤት ግን ተዘግቶ የቀረ አይመስላችሁም? የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ ማብቃቱን ያሳወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በአገራችን ከ7,500 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ መሞታቸው ተመዝግቧል፤ አላህ ይዘንላቸው። በሽታው ከፊታችን ዞር ሲል ግን ዘመድ ጥየቃችን በስልክ ቀረ፤ የታመመ መጠየቅ ገንዘብ መላክ ብቻ ሆነ። በአደጋ ጊዜ የተፈቀደልንን ለስንፍናችን ርስት አደረግነው።

በዚያው በ2015 ግንቦት ወደ መሐል ሜዳ ወጣሁ። ከአክስቴ ጋር ዳቦ ይዘን ወደ ጎረቤታችን ቤት ገባን። ሽማግሌው ዐይናቸው ደክሞ ነበር፤ በድምፄ ለይተው ሳሙኝ። ልጅቱን፣ «እኅቴ፣ የዚያን ዒድ ዳቦው እንዳይመጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። ቡናውን እየቀዳች፣ «ዳቦውስ ይቅር ጋሼ» አለችኝ። «እኔን ያስከፋኝ የውኃው ነው። ከቤት አትውጪ አሉኝ፤ እሺ አልሁ። ውኃ የሚያመጣልኝ ግን አልነበረም። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ምንጭ ወርጄ ስቀዳ አገኙኝና ጀሪካኔን ደፉብኝ። አንድ ሰው ውኃ ቢያመጣልኝ እኮ ወሩን ሙሉ በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ያን ሁሉ ዓመት ስጠይቅ የኖርሁትን ጥያቄ በአንድ ጀሪካን ውኃ መለሰችልኝ። ሰውን ቤትህ ተቀመጥ ለማለት የሚችለው ውኃውን ደጃፉ የሚያደርስለት ነው። ውኃውን ሳያደርስ ራቅ የሚል ሰው የሚጠብቀው ራሱን ብቻ ነው።

ይቅር ብላኛለች፤ ዕዳዬ ግን በዚያ አላበቃም። ውድ አንባብያን፣ በዚያ ዘመን በራችንን ዘግተንበት ሳንከፍትለት የቀረ ጎረቤት፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ከሌላችሁ ደግ ነው። ካላችሁ ግን ስልኩን ትታችሁ በእግራችሁ ሂዱ። ወረርሽኝ ደግሞ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔም መራቅ ይኖርብን ይሆናል። የምንርቀው ሰው ግን ከዛሬው ደጃፉን የለመድነው ይሁን።

ወላሁ አዕለም።