በፎቶግራፍ ሰውነትን ማሳመር ሐሰት ነውን?

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ትንሽ መስሎ የሚታይ፥ ነገር ግን የብዙ ሰዎችን ሕሊና የሚነካ ነው። ይኸውም፥ ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ መልኩና ሰውነቱ አምሮ እንዲታይ ብርሃኑን መምረጥ፥ አቋሙን ማስተካከል፥ ፊቱን ወደሚያምርበት ወገን ማዞር የተገባ ነገር ነውን? ወይስ ያለ ቃል የሚነገር ሐሰት ነው? ቀድሞ ይህ የፎቶግራፍ አንሺዎችና የታላላቅ ሰዎች ጥያቄ ነበረ፤ ዛሬ ግን ካሜራ ከእጅ ስልክ ጋር በየሰዉ እጅ ስለ ገባ የሁላችን ጥያቄ ሆኗል። የምንጠቅሳቸውን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

አስቀድመን የብርሃንን ሥራ እንመልከት። ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ በብርቱ የወደቀ እንደ ሆነ፥ የቆዳን መጨማደድና ጠባሳን ሁሉ በጥላ ያጎላል። ከሰፊ ስፍራ የመጣ እንደ ሆነ ግን፥ ለምሳሌ በደመናማ ቀን ወይም ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት ትልቅ መስኮት አጠገብ፥ ጥላው ይለዝባል፤ ፊቱም የለሰለሰ ሆኖ ይታያል። ከበታች የመጣ ብርሃን የደግ ሰውን ፊት እንኳ የሚያስፈራ ያደርገዋል። በ1930ዎቹ የሆሊውድ ሲኒማ ሠሪዎች መብራቱን ከተዋናይዋ ፊት ለፊት ከፍ አድርገው ይሰቅሉ ነበር፤ ከአፍንጫዋ በታች የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ትንሽ ጥላ ስለሚወድቅ የቢራቢሮ ብርሃን ተባለ፤ ማርሌን ዲትሪክ የተባለችው ተዋናይትም በዚህ ዓይነት ብርሃን ትታወቃለች። አቋምም እንዲሁ ነው። በካሜራ ፊት በቀጥታ የቆመ ሰው ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ትከሻውን ጥቂት ያዞረ ሰው ቀጠን ይላል፤ አገጩን ገፋ አድርጎ ዝቅ ያደረገም የአንገቱ እጥፋት ይሰወርለታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ በሰውየው አካል ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ የተቀነሰም የለም።

አንዳንድ ቅን ሰዎች ግን፥ ሰው እንዳለ ይነሣ እንጂ ለምን ይዘጋጃል ይላሉ። አሳባቸው ከመልካም ምንጭ የወጣ ነው። ነገር ግን «እንዳለ» የሚባለው ሥዕል ከወዴት ይገኛል? በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት እንዳስረዳው፥ ካሜራው ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ የተነሣ እንደ ሆነ አፍንጫ ከእውነተኛ መጠኑ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ይህን ሥዕል ያነሣው ሰው ለማታለል አላሰበም፤ ክንዱ የሚደርሰው እስከዚያ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ለመታወቂያ ወረቀት ጉርድ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰውም ሥዕሉን አይቶ «እኔ ይህን እመስላለሁን?» ቢል ትዕቢተኛ አንለውም። ስለዚህ ከየትም ወገን ያልመጣ ብርሃን የለም፤ ከየትም ርቀት ያልተነሣ ሥዕልም የለም። ምርጫውን ወይ ሰው አስቦ ያደርገዋል፥ ወይ ሳያስብ ይሆንበታል።

እንዲያውም ሰውን ሳያሳምሩ ማንሣት ራሱ ታላቅ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ታሪክ ይመሰክራል። ሉዊ አጋሲ የተባለ፥ በስዊትዘርላንድ ተወልዶ በአሜሪካ በሃርቫርድ ያስተምር የነበረ ስመ ጥር የተፈጥሮ ሊቅ፥ የሰው ዘሮች ለየብቻ የተፈጠሩ ናቸው የሚል አሳብ ነበረው። ይህንም ለማስረዳት በ1850 በሳውዝ ካሮላይና በኮሎምቢያ ከተማ ጆሴፍ ዚሊ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በባርነት ይኖሩ የነበሩ አምስት ወንዶችንና ሁለት ሴቶችን ልብሳቸው ተገፎ አነሣቸው። ከእነርሱም መካከል ሬንቲ የተባለ አባትና ዴሊያ የተባለች ልጁ ይገኙ ነበር። በእነዚያ ሥዕሎች ማቆላመጥ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውነታቸው በግልጥ ይታያል። ነገር ግን ሥዕሉ «ይህ ሰው አባት ነው፤ ይህችም ልጁ ናት» አላለም፤ «እነዚህ የሚመረመሩ ናሙናዎች ናቸው» አለ እንጂ። የአካላቸውን መስመር ሁሉ በትክክል አሳይቶ፥ ስለ ሰውነታቸው ክብር ግን ሐሰት መሰከረ።

በዚያው አገርና በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ሥዕል እናገኛለን። በ1838 ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ19ኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ነው፤ 160 ያህል ልዩ ልዩ ሥዕሎቹ ይታወቃሉ። ልብሱ የተስተካከለ፥ ጠጉሩ የተበጠረ፥ ፊቱም ኮስተር ያለ ነው። በዚያ ዘመን ሥዕል ሠሪዎች ጥቁሩን ሰው ሲስቅ የሚውል ሞኝ አስመስለው ይስሉት ስለ ነበረ፥ እርሱ በካሜራ ፊት እምብዛም ፈገግ አላለም። እንዲሁም ከባርነት የወጣችው ሶጆርነር ትሩዝ በ1864 ነጭ ቆብና የትከሻ ልብስ ለብሳ፥ የሹራብ ሥራዋንም በእጅዋ ይዛ ተነሣች። ሥዕሎቹንም እየሸጠች ትተዳደርበት ነበር፤ ከሥዕሉም በታች፥ ጥላውን የምትሸጠው አካሉን ለማኖር እንደ ሆነ አሳተመችበት። ይህ አነጋገር ለጥያቄያችን መልስ የሚጀምርበት ስፍራ ነው። ፎቶግራፍ ጥላ ነው፤ ጥላው አካሉን ያገለግላል እንጂ አካሉ ለጥላው አይገዛም።

ይህ ነገር ጥቁር ቆዳ ያለንን ሕዝቦች በተለይ ይመለከተናል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቀለም ፊልም ሲስፋፋ፥ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ አጣቢዎች ቀለሙን የሚያስተካክሉበት፥ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ያለበት ካርድ ይልክ ነበር፤ ካርዱም በመጀመሪያይቱ ሴት ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። መለኪያው የነጭ ቆዳ ብቻ ስለ ሆነ፥ ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድነት የተነሡ እንደ ሆነ የነጩ ልጅ መልክ ተለይቶ ሲወጣ፥ ከጥቁሩ ልጅ ግን ዓይኑና ጥርሱ ብቻ የሚታይበት ጊዜ ነበረ። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች እንደ መሰከሩት፥ ፊልሙ ቡናማ ቀለምን አጥርቶ እንዲለይ እንዲሻሻል ያስገደዱት የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ያቀረቡት አቤቱታ ነው። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ሴቶች በአንድነት የሚታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። እንግዲህ ጥቁር ፊትን ሲያነሣ ብርሃን የሚጨምር፥ ወይም ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ጥላው ወገን የሚመልስ ፎቶግራፍ አንሺ አላቆላመጠም፤ የተነፈገውን መለሰ እንጂ።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን ማሳመር ሁሉ የተገባ ነው ብንል እንስታለን። ከ1908 እስከ 1920 ድረስ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የጃፓን ሴቶች፥ በሃዋይና በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ በጉልበት ሥራ ለሚተዳደሩ የአገራቸው ሰዎች በፎቶግራፍ ታጭተው ባሕር ተሻግረዋል። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ሳይተያዩ፥ በአማላጅ ቃልና በሥዕል ልውውጥ ጋብቻው ይፈጸም ነበር። ከወንዶቹም አንዳንዱ ከብዙ ዓመት በፊት በወጣትነቱ የተነሣውን ሥዕል ላከ፤ አንዳንዱ የተዋሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ተነሣ፤ አንዳንዱም የሌላ መልከ መልካም ሰው ሥዕል ላከ። ሴቲቱ ሥዕሉን በእጅዋ ይዛ ከመርከብ ስትወርድ፥ የሚጠብቃት ሰው በዕድሜ እንደ አባትዋ ሆኖ ያገኘችው ጊዜ ነበረ። ወደ አገርዋ እንዳትመለስ ገንዘብ የላትም፤ ውርደቱም ያስፈራታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ እውነቱ ጠራ፤ የጠራው ግን ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ነበረ። ዛሬም ከወገኖቻችን አንዱ በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር፥ ሌላው በአገር ቤት ሆነው በሥዕል እየተያዩ ትዳር የሚያስቡ ስላሉ፥ ይህን የሩቅ አገር ታሪክ እንደ እንግዳ ነገር አንስማው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዳግላስም የጃፓኑ ሠራተኛም ልብሳቸውን አሳምረው በመልካም ብርሃን ተቀምጠዋል። ነገር ግን የዳግላስን ሥዕል ተመልክቶ ሊያየው የሄደ ሰው ያንኑ ዳግላስን አገኘ፤ የሠራተኛውን ሥዕል አምና የመጣች ሴት ግን በሥዕሉ ያየችውን ሰው አላገኘችም። ስለዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ «ሥዕሉ ያምራልን?» የሚል አይደለም፤ «ሰውየው ከሥዕሉ አጠገብ ቢቆም፥ ሥዕሉ ይመሰክርለታል ወይስ ያሳፍረዋል?» የሚል ነው። የሚመሰክርለት ከሆነ፥ ብርሃኑ የቱንም ያህል የተመረጠ ቢሆን እውነት ነው። የሚያሳፍረው ከሆነ ግን፥ አንድ መስመር እንኳ ያልተለወጠበት ቢሆን ሐሰት አለበት። ሥዕሉን አምኖ ገንዘቡን ወይም ልቡን ወይም ሕይወቱን የሚሰጥ ሰው ባለ ጊዜ ደግሞ በደሉ ይከብዳል። ሰውነት የሚያከሳ መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴ፥ አንዱን ሰው መጀመሪያ ጎብጦና ሆዱን ለቆ በክፉ ብርሃን፥ ኋላም ቀና ብሎና ትንፋሹን ይዞ በመልካም ብርሃን ቢያሳየን፥ የተለወጠው መብራቱ እንጂ ሰውነቱ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ነጋዴ በሐሰተኛ ሚዛን ከሚሸጥ አይሻልም።

ከዚህም ሌላ፥ ሥዕሉ ሌላውን ሳያታልል ባለቤቱን ብቻ የሚያሳፍርበት ጊዜ አለ፤ ይህም በወጣቶቻችን ዘንድ የሚያሳዝነን ነገር ነው። አንዲት ልጅ መቶ ጊዜ ተነሥታ ዘጠና ዘጠኙን ትደመስሳለች፤ አንዱን ታስቀራለች። ከዚያም በማግስቱ በመስታወት ፊት ቆማ ራስዋን ከዚያች ከአንዲቱ ሥዕል ጋር ታስተያያለች፤ በራስዋ ሥዕል ተሸንፋም ፊትዋን ትጠላለች። ያን ጊዜ አካሉ ለጥላው ተገዛ ማለት ነው። ሥዕሊቱ የተነሣችው ፊትዋን ለአንድ አፍታ ያህል ባዘዘችበት ሰዓት ነው፤ ፊት ግን እንዲያ ታዝዞ ሊኖር አልተሰጠንም። የምንበላበት፥ የምናለቅስበት፥ በሥራ የምንደክምበት፥ ሕፃን የምናጫውትበት ፊት ነውና።

መንግሥታት ነገሩን አይተው ሕግ አውጥተዋል። በፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ፥ በኖርዌይም ከ2022 ጀምሮ፥ በንግድ ማስታወቂያ ላይ የሰው ሰውነት ከተነሣ በኋላ በመሣሪያ ተለውጦ የታየ እንደ ሆነ ይህንኑ የሚገልጥ ምልክት እንዲደረግበት ታዝዟል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕጎቹ የሚመለከቱት ከተነሣ በኋላ የተለወጠውን ሥዕል ነው፤ መብራቱ ከወዴት እንደ ተሰቀለና ትከሻው እንዴት እንደ ዞረ አይመረምሩም። ያ ስፍራ ለሕሊና የቀረ ነው።

ሕሊናም የሚመራበት አያጣም። ማርቲን ሉተር በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም፥ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ ሲፈታ፥ ክፉ አትናገር ብሎ ብቻ አልተወም፤ ስለ ባልንጀራችን መልካም እንድንናገርና ነገሩን ሁሉ በበጎ እንድንተረጕምለትም ያስተምራል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺ የምስክር ሥራ አለው። አንድ ሽማግሌ በፊቱ በተቀመጠ ጊዜ ብርሃኑን አለዝቦ፥ ጥቂት አነጋግሮ፥ የፊቱ ቸርነት በተገለጠበት ሰዓት ቢያነሣው፥ ስለ ባልንጀራው በበጎ መሰከረ። መጨማደዱን ሁሉ አጥፍቶ የሌላ ሰው ፊት ቢሰጠው ግን፥ ሰውየው ኖሮ ያገኘውን ዕድሜ ወሰደበት።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ የሚያነሣ ሰው ከመብራቱ በፊት ሰውየውን ይመልከት፤ ሊያከብረው ወይስ ሊሸጠው እንደ ተዘጋጀ ራሱን ይጠይቅ። የሚነሣ ሰው ለክብሩ ይልበስ፥ ቀና ብሎም ይቁም፤ ነገር ግን ነገ በአካል ሊደግፈው የማይችለውን ሥዕል አይላክ። የሚመለከት ሰው ደግሞ፥ ያየው የአንድ አፍታ ብርሃን መሆኑን አስቦ፥ በሥዕሉ ምክንያት በባልንጀራው ወይም በራሱ ላይ አይፍረድ።

በአገራችን ሰው ሲሞት ወዳጆቹ ፎቶግራፉን ይዘው ያለቅሳሉ። በዚያ ቀን ከቤቱ የሚፈለገው ሥዕል እጅግ ያማረው አይደለም፤ ለቀስተኛው ሁሉ አይቶ «እርሱ ነው፤ እንዲህ ነበረ» የሚልበት ነው። ሥዕላችንን በሕይወት ሳለን ስናዘጋጅ፥ የሚወዱን ሰዎች ያን ጊዜ የሚያውቁንን ፊት እንተውላቸው።