የመሸበት እንግዳ

ሐሮ ወንጪ ዳር ድንኳን የተከልኩት ከአምቦ ተነሥቼ ነው። ያኔ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የመጣው ሎጅ ገና አልታሰበም ነበር። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ አፍ የያዘው ውኃ ነው፤ የአፋፉ ከፍተኛ ጫፍ ከባሕር ወለል ከ3,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ሐሳብ ይዤ ነበር፦ ምድር የእግዚአብሔር ከሆነች፣ በእሷ ላይ ለማደር ማንን አስፈቅዳለሁ?

ሲመሽ አንድ ሽማግሌ ከእንሰቱ መሐል ብቅ አሉ። ማን ፈቀደልህ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ እራት በልተሃል?» አሉኝ። ሄደው ቆጮና አንድ እቅፍ ጭራሮ ይዘው ተመለሱ። ለእሳት ብዬ የቆረጥኩትን እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ አዩት። ምንም አልተናገሩም፤ ጭራሯቸውን አጠገቡ አስቀመጡ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ዝምታ ነው። ብር ሳወጣ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ምድር የእግዚአብሔር እንደሆነች ይናገራል። እኔ እዚያ ላይ አቁሜ፣ «ባለቤት የላትም» ብዬ ተርጉሜው ኖሯል። ያው ቃል ግን ሰው በእሷ ላይ እንግዳ እንደሆነ ይጨምራል። እንግዳ ደግሞ ከአስተናጋጁ ጓሮ ሳይጠይቅ አይቆርጥም። ኦሮሞዎች ለእሬቻ ወደ ውኃ ዳር የሚወርዱት እርጥብ ሣር ይዘው ለማመስገን ነው፤ እኔ ወደዚያ ውኃ የወረድኩት የማገዶ ቢላ ይዤ ነበር።

ሌሊቱን አብርሃምን አሰብኩ። እሱም ድንኳን ነበረው፤ በቀትር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሦስቱን መንገደኞች ሲያይ ሮጦ ተቀበላቸው። የኔ ድንኳን ዚፑ እስከ ታች ተዘግቷል፤ ከሰው ለመራቅ የገዛሁት ነው። በነጻ ማደር ማለት ከማንም ጋር ሳይተሳሰሩ ማደር ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ከፍዬ ልገላገለው የማልችለውን ዕዳ አሸከሙኝ፤ ደስ የሚል ዕዳ ነው፣ ከባድም ነው። ከፊቴ በጨለማው ውስጥ የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት ጥቁር ሆና ትታያለች።

ጠዋት የተረፈውን ጭራሮ ተሸክሜ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ገብስ ያሰጣሉ።

«እዚያው ጥዱ ሥር መልሰው» አሉኝ። «ሌላ ሰው ይመሽበታል።»