ከሳኦል ልብስ ጫፍ እስከ ሰገሌ

ባለፈው ነሐሴ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ማታ፣ በወጣቶች ኅብረታችን ትንቢተ ዳንኤልን እናጠና ነበር። ምዕራፍ 2 ላይ ደርሰን፣ ዳንኤል ምሥጢሩ በተገለጠለት ጊዜ ያቀረበውን ምስጋና አነበብን። ቁጥር 21 ላይ ዘመናትን የሚለውጠው፣ ነገሥታትን የሚያወርደውና የሚያስነሣው እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። አንድ ወንድም እጁን አነሣና፣ «ጋሼ፣ የሚያወርደው እሱ ከሆነ በማን እጅ ነው የሚያወርደው? በእኛ እጅ ቢሆንስ?» አለኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚህ ዘመን በሰሜን ሸዋ የሚኖር ወጣት ይህን የሚጠይቀው ለእውቀት ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አብረውት ከተማሩት መካከል ጫካ የገባ አለ፤ የመንግሥትን መለዮ የለበሰም አለ። የሁለቱም እናቶች ሌሊት ተነሥተው የሚጸልዩት ወደ አንድ አምላክ ነው።

እኔም ሮሜ 13ን ጠቅሼ፣ በጸሎት ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መልሴ ስህተት ባይሆንም አጭር ነበር፤ እኔንም አላጠገበኝም። ስለዚህ ያን ማታ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን እዚህ ልሞክር።

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ሸኖ አካባቢ ሰገሌ የሚባል ሜዳ አለ። በ1909 ዓ.ም. ይኸው ጥያቄ እዚያ በጦር መሣሪያ ተመልሷል።

በዚያ ዓመት መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ መኳንንቱና የቤተ ክርስቲያን አባቶች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ዋናው ክስ ኢያሱ ሃይማኖቱን ትቶ ሰልሟል የሚል ነበር፤ እውነትነቱን ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ነገር ግን አንድ እንቅፋት ነበረባቸው፤ መሐላ። ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው ሲያውጁ መኳንንቱ ምለው ነበር፤ ቃሉን የሚያፈርስም ተረግሞ ነበር። ስለዚህ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው መፍታት ነበረባቸው፤ ፈቱም።

የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ይህን ሲሰሙ የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድ ከነሠራዊታቸው አለቁ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ግን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የመሩት የሸዋ ጦር ድል አደረገ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በአንድ ቀን ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ረገፈ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝን ልናገር፦ ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው፣ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። አድዋ ላይም ከሸዋ መኳንንት ጋር አብረው ተዋግተዋል። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ እነዚያው ሰዎች በአንድ ጌታ ስም ተፋጁ። ያሸነፈው ወገን ድሉን የእግዚአብሔር ፍርድ አድርጎ ቆጠረው።

ስህተት ነበርን? ማን እንዳወረደው ስጠየቅ፣ እንደ ዳንኤል ቃል፣ እግዚአብሔር ነው ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ወንድሜ የጠየቀኝ ግን ስለ እጁ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ስለ እጁ የሚናገረው ብዙ ነገር አለው።

በመጀመሪያ፣ ያን ምስጋና ያቀረበው ማን እንደሆነ እናስተውል። ዳንኤል ምርኮኛ ነው፤ በማግስቱ ሊታረድ የተፈረደበት ነው። ከጸሎቱ ተነሥቶ የሄደው ናቡከደነፆርን ሊገለብጥ ሳይሆን ሕልሙን ሊፈታለት፣ የባቢሎንንም ጠቢባን ከሞት ሊያስጥል ነበር። ጥቅሱ በምርኮኛ አፍ ያለ ምስጋና ነው። እኛ ከዚያ ገጽ ገንጥለን የዘመቻ ማዘዣ ስናደርገው ነገሩ ይለወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ የኢዩ ታሪክ ነው። ገዢን እንዲያወርድ ከእግዚአብሔር የታዘዘ ሰው ከተፈለገ ኢዩ አለ፤ ከእርሱ የበለጠ ማስረጃ ማንም የለውም። በ2ኛ ነገሥት 9 ኤልሳዕ ከነቢያት ልጆች አንዱን ወደ ሬማት ዘገለዓድ ልኮ ዘይት አስቀባው፤ የአክዓብን ቤት እንዲመታም ነገረው። ኢዩ ሠረገላውን እያበረረ መጣ። ኢዮራምን ገድሎ ሬሳውን በናቡቴ እርሻ ላይ አስጣለ፤ ኤልዛቤልን በመስኮት አስወረወረ። ይህ ሁሉ የተነገረው ቃል ነበር። እርሱ ግን በዚያ አላቆመም። የይሁዳን ንጉሥ አካዝያስን ጨመረ። የአክዓብን ሰባ ልጆች ራስ በቅርጫት አስመጥቶ በከተማይቱ በር ሁለት ክምር አስከመረ። ሊጠይቁ የመጡትን አርባ ሁለት የአካዝያስን ወንድሞች መንገድ ላይ አረዳቸው። ከዚያ ኢዮናዳብን በሠረገላው ላይ አውጥቶ፣ ና ለእግዚአብሔር ያለኝን ቅንዓት እይ አለው።

እግዚአብሔርም አመሰገነው፤ ምዕራፍ 10፥30ን ስናነብ ልጆቹ እስከ አራተኛ ትውልድ በዙፋን እንደሚቀመጡ ተስፋ ይሰጠዋል። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለወንድሜ የምመልሰው ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ እግዚአብሔር ሆሴዕን የበኩር ልጁን ኢይዝራኤል ብሎ እንዲሰይመው ያዘዋል። ምክንያቱን በሆሴዕ 1፥4 ይናገራል፤ በኢይዝራኤል ስለፈሰሰው ደም የኢዩን ቤት ሊጠይቅ ነው። ያው ኢዩ! ያው የተቀባው፣ የታዘዘው፣ የተመሰገነው!

ሊቃውንት ሁለቱን ቃሎች ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል፤ አንዳንዱ ከትእዛዙ በላይ ስለገደለ ነው ይላል፣ ሌላው አክዓብን አውርዶ የአክዓብን መንገድ ስለቀጠለ ነው ይላል፤ የወርቅ ጥጆቹን አልነካምና። እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። የማያከራክረው ግን ይህ ነው፦ የአክዓብ ቤት መውደቅ የእግዚአብሔር ሥራ ነበር፤ የጣለው እጅ ግን ስለ እያንዳንዷ ነፍስ ተጠየቀ። የመጀመሪያው እውነት ሁለተኛውን አልሻረውም።

ይህን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ዳዊት ይመስለኛል። በዓይንጋዲ ዋሻ ሳኦል ብቻውን ሲገባ የዳዊት ሰዎች ያሉትን አስታውሱ፤ እግዚአብሔር ጠላትህን አሳልፌ እሰጥሃለሁ ያለህ ቀን ዛሬ ነው አሉት። ጥቅስ ጠቅሰው ነው ግደል ያሉት! ዳዊት ደግሞ አስቀድሞ በሳሙኤል እጅ የተቀባ ነው፤ መንግሥቱ የእርሱ ናት። እርሱ ግን የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ለዚያችም ቁራጭ ልቡ መታው። በምዕራፍ 26 አቢሳ በጦር ልውጋው ሲለው፣ እግዚአብሔር ራሱ ይመታዋል፣ ወይም ቀኑ ደርሶ ይሞታል፣ ወይም በጦርነት ይወድቃል ብሎ ከለከለው። በመጨረሻ ሳኦል ሲወድቅ፣ እኔ ገደልሁት ብሎ ዘውዱን ያመጣው አማሌቃዊ ሽልማት ጠብቆ ሞት ተፈረደበት፤ ዳዊትም ለጠላቱ ሙሾ አወጣ። ዳዊት እጁ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ኦርዮን አለ። ግን ወደ ዙፋኑ የወጣው በሳኦል ደም ላይ ተረማምዶ አልነበረም።

«ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስ ገዢ በሰው እጅ እንዲወርድ ፈጽሞ አይፈቅድም?» የሚል ይኖራል። ጎቶልያ አለችና እንዲህ ማለት አልችልም። በ2ኛ ነገሥት 11 የንጉሡን ዘር ፈጅታ ስድስት ዓመት የገዛችውን ሴት ካህኑ ዮዳሄ አወረዳት። ግን እንዴት እንዳደረገው ተመልከቱ። ሕጋዊው ወራሽ ሕፃኑ ኢዮአስ በሕዝብ ፊት ቀረበ፤ በእግዚአብሔር፣ በንጉሡና በሕዝቡ መካከል ቃል ኪዳን ተደረገ፤ በስም ተጠቅሰው የተገደሉት ጎቶልያና የበኣል ካህኑ ማታን ናቸው። ከተማይቱም ጸጥ አለች። ቅርጫት የለም፤ ክምር የለም። አቡነ ማቴዎስና መኳንንቱ ራሳቸውን እንደ ዮዳሄ ሳያዩ አልቀሩም። እኔ ግን ስለ መሐላው ሳስብ ሕዝቅኤል 17 ይመጣብኛል፤ ሴዴቅያስ ለጣዖት አምላኪው ለባቢሎን ንጉሥ የማለውን መሐላ እንኳ እግዚአብሔር የኔ መሐላ ብሎ ስለ መፍረሱ ተቆጣ።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ከሩቅ ሆነን የምንፈርድበት አይደለም፤ ወደ እኛም ቤት መጥቷል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን በትውልዳቸውና በተቀቡት ቅባት የተነሣ የማይደፈሩ ያደርጋቸው ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። በእርሳቸው ዘመን ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ተከልክላ አማኞቿ ታስረው ነበርና፣ ከአባቶቻችን መካከል የማርያምን ምስጋና፣ ሉቃስ 1፥52ን፣ በሆዳቸው ያሰቡ ቢኖሩ አልፈርድባቸውም። ኅዳር 14 ቀን ስልሳ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሡም ዓመቱ ሳያልቅ ነሐሴ ላይ በእስር ሳሉ ሞቱ፤ አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ያ ያወረዳቸው እጅ ጥቂት ቆይቶ የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ዘጋ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው በጎቼን ጥዬ አልሄድም ያሉ ሰው ነበሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ለስልሳዎቹ ያኔ ያለቀሰልን ማን ነበር? እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን ወንድሜ ቢቆጣኝ እውነቱን ነው። «ታዲያ ዝም እንበል?» ይለኛል። አይደለም። ከኢዩ በፊት በዚያው በናቡቴ መሬት ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር፤ ኤልያስ። ሰይፍ ሳይዝ አክዓብን ገደልህ፣ ወረስህም አለው። አክዓብም ማቅ ለብሶ ጾመ፤ እግዚአብሔርም መከራውን በዘመኑ አዘገየለት። ናታን ዳዊትን፣ ዮሐንስ ሄሮድስን ፊት ለፊት ተናግረዋል። ዮሐንስ አንገቱን ሰጠ።

የከተማችን ስም ራሱ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም ስላሉ አሠቃዩአቸው፤ በድንጋይም አስወገሩአቸው። ከዚያ 38 ቀን በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ብርሃኑን የሥራቸው ምስክር አድርገው ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። መነኮሳቱ ንጉሡን ለማውረድ ጦር አላነሡም። አልሰገዱምም። ብርሃኑ ለማን እንደመሰከረ የየራሳችሁን አስቡ፤ እኔ ግን በዚህ ከተማ ጎዳና ስሄድ ንጉሡን ብቻ ማስታወስ ትቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያን ወንድም ሻይ ቤት አግኝቼ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ረጅም ጊዜ ብርጭቆውን ሲያዞር ቆየና፣ «ቅድመ አያቴ ሰገሌ ነው የሞተው ይላሉ» አለኝ። «በየትኛው ወገን?» አልሁት። ከአባቱ በኩል ሸዋ፣ ከእናቱ በኩል ወሎ ነው። ቤታቸው ውስጥ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ነገረኝ። ዓርብ ማታ ምዕራፍ 4ን፣ የናቡከደነፆርን መዋረድና መመለስ፣ እንጀምራለን፤ እርሱ እንዲያስጠና ጠይቄው እሺ ብሏል።