ቆሞ የተገኘ ብቻ ነው ወይ የኖረ?

«ፎቶግራፍ አይዋሽም» ይባላል። ይሁን። ለመሆኑ አለመዋሸትና እውነቱን መናገር አንድ ናቸውን? ይህን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ይበቃል።

ውስጡን ጥቁር ቀብቶ፣ ጎኑን በቀጭን መርፌ በስቶ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከቀዳዳው ትይዩ የፎቶግራፍ ወረቀት ለጥፎ መክደን ነው። ሌንስ የለው፣ ምን የለው! ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ የላዩ ታች፣ የታቹ ላይ ያርፍና ምስሉ ተገልብጦ ይሣላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ እንዳለፈው ባለ ግርዶሽ ጊዜ፣ በቅጠል መሐል ሾልኮ ዛፍ ሥር የሚወድቀው ብርሃን ማጭድ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ቀዳዳዋ ጠባብ ናትና ብርሃን የምታስገባው በጥቂት በጥቂቱ ነው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ ሲደምን ደግሞ ብዙ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። በደመናማ ቀን ቆርቆሮውን ደብረ ወርቅ ገበያ ዳር ብናስቀምጠው ምን ይወጣል? ኮረብታው ላይ ያለችው ማርያም ትወጣለች። ባሕር ዛፉም ይወጣል። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ካለ እሱም ይወጣል። ጤፍ የተጫነው አህያና እንስራ ያዘለችው ሴት ግን የሉም። አልነበሩም ማለት ነው?

ይህ ተራ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1838 ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ታምፕል የተባለውን ጎዳና ከመስኮት አነሣ። የእሱ ካሜራ ሌንስ ነበረው፤ ሆኖም ምስሉ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ሰውና ሠረገላ የሚርመሰመስበት መንገድ ባዶ ሆኖ ወጣ። ጎልቶ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ነው። ሊስትሮውስ? ሲሠራ ይንቀሳቀስ ስለነበር ደበዘዘ። አስጠራጊው ጎላ፣ ሠሪው ደበዘዘ!

«ፈጣን ካሜራ ግዛና ተገላገል» የሚል አይጠፋም። ግን ፈጣኑም ሙሉውን አይናገርም። ባለ እንስራዋን በቅጽበት ያቆማታል እንጂ ከየት እንደመጣች፣ ስንት ሰዓት እንደተጓዘች አያሳይም። አንዱ የሚሄደውን ይደመስሳል፣ ሌላው መሄዱን ይደመስሳል።

በበኩሌ ቆርቆሮው ጥፋተኛ ነው አልልም። ለባለሥልጣንም ለኩሊም ያቺው አንዲት ቀዳዳ ናት። የሴትዮዋ ብርሃንም እኮ ወረቀቱ ላይ አርፏል፤ ለመታየት አልበቃም እንጂ። ጥፋቱ ያለው፣ ያልታየውን «አልነበረም» ብለን ስንፈርድ ነው። የታሪክ መጽሐፍ የነጋሢውን ስም ይዞ ድንጋይ ያመላለሰውን ሲያጣ፣ እኛም ያንኑ አንብበን ፈተና ስናልፍ፣ ፍርዱን እያጸደቅን አይደለምን?

እንግዲህ ባዶ ጎዳና ስናይ «ሰው የለም» ከማለታችን በፊት «ስንት ሰው አለፈበት?» ብለን የመጠየቅ ግዴታ አለብን። ያንን ቆርቆሮው ሊጠይቅልን አይችልም።