ገዳይና ተሸካሚ

ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ነገር መግደል ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ለክርክር ያህል የተፈጠረ ይመስል ይሆናል። እኔን ግን ያገኘኝ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ፣ በከባድ ቦርሳ ሥር ጎብጬ ሳለሁ ነው። ስለዚህ አንባቢ ይታገሠኝና ከጥያቄው በፊት ስለ ቦርሳው ልናገር።

አያቴ በወጣትነታቸው ቆላ ወርደው ጎሽ የጣሉ ሰው ነበሩ። የጎሹ ቀንድ ዋንጫ ሆኖ እስከ ልጅነቴ ዘመን ድረስ በቤታችን ይኖር ነበር፤ በበዓል ቀን ይጠጣበታል፤ ፉከራውም ይደገማል። ይህን ታሪክ በዴንቨር አካባቢ በምሠራበት ቦታ ለተዋወቅኋቸው አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ባጫወትኋቸው ጊዜ፣ «እንግዲያው የአዳኝ ዘር ነህ፤ በጥቅምት አብረን እንውጣ» አሉኝ። እርሳቸው በየዓመቱ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዓይነት ያድናሉ። እኔም የአዳኝነት ኮርሱን ወስጄ፣ ፈቃድ አውጥቼ፣ ጠመንጃ ገዝቼ ተከተልኋቸው።

የምንሄድበት ሥፍራ መኪና አይገባበትም። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የወጣው የዱር ሥፍራዎች ሕግ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ሞተር ያለውን ተሽከርካሪ ከልክሏል፤ ብስክሌት እንኳ አይፈቀድም። መግቢያው እግር ነው፤ አለዚያም ፈረስና በቅሎ። እግረኛ አዳኝ ቤቱን፣ አልጋውን፣ ማድቤቱንና መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

ሽማግሌው በመጀመሪያው ዓመት የሚያዘውን ዕቃ ዝርዝር ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ግን የራሴን ጨመርሁበት፤ ሰፊ ድንኳን፣ የቆርቆሮ ምግብ፣ ትርፍ ጫማ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ታጣፊ ወንበር። ቦርሳው አልዘጋ ሲለኝ ደግሞ ጥቅሙ ያልታየኝን አወጣሁ፤ ሥጋ የሚከተትባቸውን የጨርቅ ከረጢቶች። ሁሉም ተደምረው ከአንድ ኪሎ አይበልጡም ነበር። ዛሬ ሳስበው ያን ቦርሳ የሞላሁት በፍርሃት ነው። ብርድን ፈርቼ ብርድ ልብሱን፣ ረኃብን ፈርቼ ቆርቆሮውን፣ ድካምን ፈርቼ ወንበሩን ጫንሁ። ሁሉም ለእኔ ነበር። ለእንስሳው የያዝሁለት ጥይት ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመኪናችን 8 ኪሎ ሜትር በሚርቅ ገደል ሥር አንድ ኮርማ ኤልክ አየሁ። ተኮስሁ፤ ወደቀ። በዚያች ደቂቃ የአያቴ ፉከራ አፌ ላይ መጣ። ሽማግሌው ግን አንድ ጊዜ ሰማዩን፣ አንድ ጊዜ አቀበቱን ተመለከቱና ምንም ሳይናገሩ ቢላዋቸውን አወጡ።

ሙሉ ኮርማ ኤልክ ከ300 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። አጥንቱ ወጥቶ የሚበላው ሥጋ ብቻ 90 ኪሎ ያህል ይሆናል። አንድ ሰው በዚያ ዓይነት መሬት 22 ወይም 23 ኪሎ ቢሸከም አራት ጉዞ ያስፈልገዋል፤ አራት ጊዜ ተሸክሞ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር ከሆነ ድምሩ 56 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ከተኮስሁ በኋላ ነበር።

ሁለት ሰዎች ብንሆንም ሽማግሌው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የእኔ ቦርሳ ደግሞ ጠንካራ ክፈፍ የሌለው ተራ የመንገደኛ ቦርሳ ስለነበረ ክብደቱ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ፤ አንዱ ማንገቻ በመጀመሪያው ጉዞ ተበጠሰ። በዚያ ላይ ድንኳኑም ወንበሩም መውጣት ነበረባቸው። በማግስቱ ቀኑ ሞቀ። ከአጥንቱ ሳንለየው፣ ከረጢት አጥተን በሸራ ጠቅልለን የተውነው አንዱ የኋላ እግር፣ ተመልሰን ስንደርስ በዳሌው አጥንት ዙሪያ ሸትቶ ነበር። ወፍራም ሥጋ ሙቀቱን በአጥንቱ ዙሪያ አምቆ ይይዛል፤ ካልተከፈተና አየር ካላገኘ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላሻል። ሽታውን እያወቅሁ ተሸክሜው ወጣሁ። መኪናው ዘንድ ሳወርደው ሽማግሌው፣ «ይህን እግር ያበላሸው ሙቀቱ እንዳይመስልህ፤ ወንበሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ዳግመኛ አላነሡብኝም።

የኮሎራዶ ሕግ የሚበላን የአደን ሥጋ ጥሎ መሄድን ይከለክላል፤ ቀንዱን ብቻ ወስዶ ሥጋውን መተው ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው። እኔ አቅሜ የፈቀደውን ሁሉ ስላደረግሁ በሕግ ፊት ጥፋተኛ አልነበርሁም። ይሁን እንጂ ሕግ የሚመረምረው ከተኩሱ በኋላ የሆነውን ነው። ኅሊና ወደ ኋላ ይመለስና ቦርሳው ሲታሸግ ምን ታስቦ እንደነበረ ይጠይቃል።

በዚያ ሰሞን የአያቴ ዋንጫ ከዐሳቤ አልወጣ አለ። ፉከራው ገዳዩን፣ መሣሪያውንና ቦታውን በስም ያነሣል። ቀንዱን ከቆላ እስከ ደጋ ማን እንደተሸከመው፣ ሥጋውም የት እንደቀረ ግን አንድ ቃል አይናገርም። እኔም በልጅነቴ ጠይቄ አላውቅም። ለገዳይ ፉከራ አለው፤ ለተሸካሚው ማን አቅራራለት? በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት እንደ ዛሬው የተደራጀ የስንቅ ክፍል አልነበረውም። ከአህያውና ከበቅሎው ጋር ዱቄቱን፣ ድስቱንና ገንቦውን ተሸክመው የተጓዙት ብዙዎቹ ሴቶችና አሽከሮች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ስማቸው የተረፈ ስንት ናቸው? ግዳይ ጥሎ ሸክሙን ለሌላ መተው እንደ ክብር የተቆጠረበት ዘመን ረጅም ነበር፤ ፈጽሞ አልፏል ለማለትም አልደፍርም።

በሁለተኛው ዓመት ማሸጉን ከመጨረሻው ጀመርሁ። አስቀድሜ የያዝሁት የጨርቅ ከረጢቶቹን ነው፤ አየር ያሳልፋሉ፤ ዝንብ ይከለክላሉ። ቦርሳውን ክፈፍና ሰፊ የወገብ ቀበቶ ባለው ለወጥሁት፤ እንዲህ ያለው ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ ያወርዳል። ብርድ ልብሱን ትቼ በላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት ያዝሁ፤ ላባ ቀላል ነው፤ ከረጠበ ግን ሙቀቱን ስለሚያጣ ውኃ በማያስገባ ሽፋን ጠቀለልሁት። ስንቄ በሶና ዳቦ ቆሎ ሆነ። እሳት የማይሻ፣ ክብደቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ የሆነ የመንገድ ምግብ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ እኔ ግን ቆርቆሮ ሳግዝ ነበር። ሽማግሌው በሶውን ቀምሰው፣ ይህን ያህል ዓመት ለምን እንደደበቅኋቸው ጠየቁኝ። ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ የቦርሳው አንድ ሦስተኛ ባዶ ነበር። ያ ባዶ ቦታ የእንስሳው ድርሻ ነው።

በዚያው ገደል ሥር እንደ አምናው ያለ ኮርማ አየሁ። ከረጢቱ ነበረኝ፤ ቢላዋው ነበረኝ። ነገር ግን የሽማግሌው ጉልበት ከአምናው ብሶ ነበር፤ ቀኑም ሞቃት ነበር። ሀምሳ ስድስት ኪሎ ሜትር ብዬ በልቤ ቆጠርሁና ጠመንጃዬን ዝቅ አደረግሁ። በዚያ ዓመት ባዶ እጃችንን ተመለስን።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አይጠፋም። «እንዲህ ከሆነ የመግደል መብት ለጉልበተኛ ብቻ ሊሰጥ ነውን?» ይለኛል። አይደለም። ደካማ ሰው በመንገድ አጠገብ ያድናል፤ በቅሎ ይከራያል፤ ወይም ባልንጀራ ይዞ ይወጣል። ባልንጀራና አሽከር ግን አንድ አይደሉም፤ ባልንጀራ ከተኩሱ በፊት ይጠየቃል፤ ከሥጋውም እኩል ይካፈላል። ይህን ሕግ ከሽማግሌው በፊት ቅርጫ አስተምሮን ነበር። በቅርጫ በሬው የሚታረደው ተካፋዩ ከተሟላ በኋላ ነው፤ አርዶ ተካፋይ ፍለጋ የሚዞር ሰው መሳቂያ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለውም ሃምሳዎቹ አስቀድመው ሲገኙ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል። በየሳምንቱ ከሱቅ የምገዛውን ሥጋ አልገደልሁትም፤ አልተሸከምሁትምም። በላስቲክ ተጠቅልሎ ክብደቱ በቁጥር ብቻ ይነገረኛል። ከአንድ የኤልክ እግር የተነሣ የተጸጸትሁ ሰው፣ ስለዚህኛው አንድም ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ለዚህ በቂ መልስ የለኝም። ያተረፍሁት ቢኖር ከማቀዝቀዣዬ ሥጋ መጣል አለመቻሌን ነው።

ነገሩ ከሥጋም ያልፋል። እኛ በስደት የምንኖር ሰዎች ከውቅያኖስ ማዶ ሆነን «በለው!» ማለት ይቀናናል። በስብሰባ አዳራሽ፣ በሬዲዮ፣ በጽሑፍ እንተኩሳለን። የምንተኩሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስህተትም ሊሆን ይችላል። የሚወድቀውን ግን የሚያነሣው አገር ቤት ያለ ሰው ነው፤ እስሩም፣ ለቅሶውም፣ ወላጅ አልባ ልጅ ማሳደጉም በእርሱ ጀርባ ላይ ነው። እኔ ዝም እንበል አልልም። ከመናገራችን በፊት ግን ለዚያ ሸክም በቦርሳችን ውስጥ ምን ቦታ እንደተውን፣ ተሸካሚውንም ጠይቀነው እንደሆነ እንመርምር እላለሁ።

ወደ መነሻዬ ልመለስ። ሰው ሊሸከመው የማይችለውን መግደል አይገባውም፤ ብቻውን ወይም ፈቅደው ከተሰለፉ ባልንጀሮቹ ጋር ሊሸከመው የማይችለውን ማለቴ ነው። ጥቅምት ሲቃረብ ዕቃዬን በቤቴ ወለል ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እመዝናለሁ። ታጣፊው ወንበር ዛሬም በረንዳዬ ላይ አለ። ቦርሳዬን የማሽገው እርሱ ላይ ተቀምጬ ነው።