ባልተጋጠሙበት ግጥሚያ ማሸነፍ

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2024 ሐሙስ ማታ፣ የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ የቤዝቦል ተጫዋች ሾሄ ኦታኒ ማያሚ ላይ ስድስት ጊዜ ለመምታት ወጣ፤ ስድስቱንም ጊዜ ተሳካለት። ሦስቱ ሆም ራን ነበሩ። በእሱ ምት ብቻ 10 ነጥብ ተቆጠረ፣ ሁለት ቤዝም ሰረቀ። ዶጀርስ ማርሊንስን 20 ለ 4 ሲያሸንፉ ኦታኒ በአንድ የውድድር ዓመት 50 ሆም ራን መትቶ 50 ቤዝ የሰረቀ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በማግስቱ የተወራው ስለ አሸናፊው ነበር፤ ከተሸናፊዎቹም ስማቸው የተነሳው ማርሊንስ ብቻ ናቸው። በዚያች ሌሊት ግን ሜዳው አጠገብ ያልደረሱ፣ ምናልባትም ተኝተው የነበሩ ብዙ ሰዎች አብረው ተሸንፈዋል። ጥፋታቸው በዚያ ሳምንት የፋንታሲ ሊጋቸው መርሐ ግብር ኦታኒን ከያዘው ሰው ጋር ማገናኘቱ ነው። ሴፕቴምበር ደግሞ የብዙ ሊጎች የጥሎ ማለፍ ወር ነው፤ የአምስት ወር ልፋት በአንድ ሐሙስ ያበቃል።

ተሸናፊው ምን አጎደለ? አሸናፊውስ ምን ሠራ?

ጨዋታው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። 10 ወይም 12 ጓደኛሞች ሊግ ይመሠርቱና እውነተኛ የቤዝቦል ተጫዋቾችን በየተራ ወይም በጨረታ ይከፋፈላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ወዳጅ ያለውን ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ሰው አንድ ልዩነት ልብ ይበል፦ እዚያ አንዱን ተጫዋች ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ፤ በቤዝቦሉ ሊግ ግን አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው ይጣመራል። ከሰኞ እስከ እሑድ የማን ተጫዋቾች ብዙ ሆም ራን መቱ፣ የማን ቤዝ ሰረቁ፣ የማን ወርዋሪዎች ጥቂት ነጥብ ተቆጠረባቸው እየተባለ በአብዛኛው በ10 መለኪያ ይነጻጸራሉ። በብዙው የበለጠ ሳምንቱን ወሰደ።

(አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ነው የተባለውም በኦታኒ ላይ ይፋለሳል። ሰውየው መቺም ወርዋሪም በመሆኑ የፋንታሲ መድረኩ ያሁ ሁለት ተጫዋች አድርጎ ከፍሎታል፦ መቺው ኦታኒ እና ወርዋሪው ኦታኒ። ስለዚህ ሁለት ባላንጣዎች በአንድ ሳምንት አንዱን ሰው እኩል ሊካፈሉት፣ ከአንድ አካል ላይ አንደኛው ድል ሌላኛው ሽንፈት ሊጠብቁ ይችላሉ። ስለ ባሕርይና ስለ አካል ሲከራከሩ የኖሩ ሊቃውንት ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?)

የዚህ ግጥሚያ እንግዳ ነገር መከላከል የሚባል ነገር የሌለው መሆኑ ነው። በቼዝ የተቃዋሚን ንጉሥ ማስጨነቅ ይቻላል፤ በገና ጨዋታ ሩሯን ከሌላው ዱላ መንጠቅ ይቻላል። የፋንታሲ ባላንጣን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ አይነካኩም። እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይሰበስባል፤ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አቁሞ «ተጋጠሙ» የሚላቸው መርሐ ግብሩ ነው። በሊጉ ሁለተኛውን ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ሰው አንደኛውን ስለገጠመ ብቻ ሊሸነፍ፣ ከመጨረሻው በአንድ ደረጃ ብቻ የሚሻል ደግሞ የመጨረሻውን አግኝቶ ሊያሸንፍ ይችላል።

ቤዝቦልን ለዚህ ዓይነት ሳምንታዊ ፍርድ መምረጥ ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል። የቤዝቦል እውነት ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው። በ2001 ሲያትል ማሪነርስ ከ162 ጨዋታ 116ቱን ሲያሸንፉ 46 ጊዜ ተሸንፈዋል። በ2024 ቺካጎ ዋይት ሶክስ 121 ጊዜ ተሸንፈው መሳቂያ ሲሆኑ እንኳ 41 ጊዜ አሸንፈዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ መቺ 25 ጊዜ ያህል ይሞክራል። ከ10 ሙከራ ሦስቱን የሚያሳካ ግሩም መቺና ከአራት አንዱን የሚያሳካ ተራ መቺ በ25 ሙከራ ቢነጻጸሩ፣ ስሌቱ እንደሚያሳየው ከ10 ሳምንት በሦስቱ ገደማ ተራው መቺ ይበልጣል። ወርዋሪዎቹም ቢሆኑ አይሻሉም። በ2001 ቮሮስ ማክራከን የተባለ ተመራማሪ ኳሷ አንዴ ተመትታ ሜዳ ውስጥ ከገባች በኋላ ትያዝ ወይስ ታምልጥ የሚለው በወርዋሪው እጅ ያለው በጣም በጥቂቱ እንደሆነ አሳይቶ የቤዝቦልን ዓለም አነጋግሯል። ስለዚህ የሳምንቱ «አሸናፊ» ከቁጥጥሩ ውጭ በሆኑ ሰዎች፣ እነሱም ከቁጥጥራቸው ውጭ በሆነ ዕድል ነው የሚያሸንፈው።

በዕድል የመጣ ድል የማን ነው የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1976 ሁለት ፈላስፎች፣ በርናርድ ዊሊያምስ እና ቶማስ ኔግል፣ ሰው በእጁ ባልሆነ ነገር ሊመሰገን ወይም ሊወቀስ ይገባልን የሚለውን በሁለት ጽሑፎች አንሥተው ነበር። ኔግል እኩል ቸልተኛ የሆኑ ሁለት አሽከርካሪዎችን ያስባል። በአንደኛው መንገድ ላይ ሕፃን ድንገት ይገባል፣ በሌላኛው መንገድ ላይ ማንም አይገባም። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ፍርዳችን ግን አንድ አይደለም። ኔግል ዕድል የሚገባባቸውን በሮች ሲለይ የድርጊት ውጤት አንዱ፣ ሰው ሳይመርጥ የሚገባበት ሁኔታ ሌላው ነው። ፋንታሲ ሁለቱንም በየሳምንቱ ያቀርባል። ኦታኒን በጨረታ ያሸነፈው ሰው ውጤቱ ሠመረለት፤ እሱን የገጠመው ምስኪን ደግሞ ሁኔታው ጣለው።

ሃይማኖት ለዚህ የቆየ መልስ አለው፤ ዕጣ። ይሁዳ ከሐዋርያት ማኅበር ከወጣ በኋላ ማትያስ የተተካው በዕጣ ነው። በኖቬምበር 2012 ካይሮ በሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ዐይኑ የታሰረ ሕፃን ከሦስት ስሞች አንዱን ከጽዋ አውጥቶ የኮፕት ቤተ ክርስቲያን አዲሱ አባት ቴዎድሮስ ዳግማዊ ሆኑ። ልብ የሚባለው ከዕጣው በፊት ምርጫ መኖሩ ነው። ሦስቱ ስሞች በሰዎች ድምፅና ምርመራ ተለይተው ነው ጽዋው ውስጥ የገቡት። የሰው ድርሻ እዚያ ያበቃል፤ የቀረው ለእግዚአብሔር ይተዋል። በዚህም የወጣለት እንዳይኩራራ፣ ያልወጣለትም እንዳያፍር ይሆናል። ማትያስ ዕጣ ያልወጣለትን፣ በርስያን የተባለውን ዮሴፍን አሸነፍኩት ብሎ አልፎከረም።

የፋንታሲ ተጫዋች የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። እሱም ሥራውን የሚሠራው ከዕጣው በፊት ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ቁጥር ያጠናል፣ ማን ጉዳት ላይ እንዳለ፣ ማን ትከሻው እንደደከመ ይከታተላል። ከዚያ ዕጣው ይወጣል። ሲወጣለት ዕጣውን የራሱ ያደርገዋል፤ ሳይወጣለት ደግሞ የዕድል ነው ይላል። የአሜሪካ ሕግ እንኳ ከአሸናፊው ጎን የቆመ ይመስላል። በ2006 በኢንተርኔት ቁማርን ለመግታት የወጣው የፌዴራል ሕግ ፋንታሲን ሲለይ ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ ውጤቱ የተሳታፊዎቹን አንጻራዊ ዕውቀትና ክህሎት የሚያንጸባርቅ መሆን አለበት የሚል ነው። በስድስት ወር ለሚለካ ውድድር ይህ ያስኬዳል። በአንድ ሳምንት ለሚለካ ግን የሕጉ ቃል ከእውነታው ቀድሞ የሄደ ነው።

ታዲያ ሰዎች ለምን ሳምንታዊውን ይመርጣሉ? ሌላ መንገድ ከመጀመሪያውም ነበር። ዳንኤል ኦክሬንትና ጓደኞቹ በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ይመገቡበት በነበረው በላ ሮቲሴሪ ፍራንሴዝ ስም ሊጋቸውን ሲመሠርቱ፣ እያንዳንዱ በተወሰነ በጀት ተጫዋቾቹን ገዝቶ የሁሉም ውጤት ከሁሉም ጋር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይነጻጸር ነበር። የሳምንት ጥንድ የለም፣ የመርሐ ግብር ዕድለ ቢስነትም የለም። በፍትሕ ሚዛን ከታየ ያኛው የተሻለ ነው፤ ይህን የሚክድ ካለ ቁጥር የማይወድ ሰው ነው። ግን በዚያ መንገድ ባላንጣ አይገኝም። ሰው ከ11 ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ አይቀናቀንም። ሰንጠረዥ ላይ በአራተኛ ደረጃ መቀመጥ ማንንም በስሙ አያስጠራም። ሳምንታዊው ጥምረት ግን ፊት ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ የባለቤት ወንድም፣ ከሥራ ቦታ ወዲያኛው ጠረጴዛ ያለው ሰው ለሰባት ቀን ባላንጣ ይሆናል። ሌላ ከተማ ከተዛወረ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይደወልለት ሰው በዚያ ሳምንት ይደወልለታል፤ የሚደወለው ለመሳደብም ቢሆን።

ስለዚህ ሳምንታዊው ፉክክር ብቃትን ለመለካት ደካማ፣ ሰውን ከሰው ለማገናኘት ግን ብርቱ ነው፤ ተጫዋቾቹም ሁለቱን መዝነው ፍትሑን የሸጡት እያወቁ ነው። ለኦታኒ ባላንጣ የሚገባው ካሳ ካለ ይኸው ነው፦ ቢያንስ ያሸነፈውን ሰው ስም ያውቃል። አንዳንድ ሊጎች ጉዳቱን ለመቀነስ በየሳምንቱ ከባላንጣው ሌላ ከሊጉ መካከለኛ ውጤት ጋርም ያነጻጽራሉ፤ ከመካከለኛው በላይ የሆነ አንድ ተጨማሪ ድል ያገኛል። ሒሳቡ ይስተካከላል፤ ግን በመካከለኛ ውጤት ላይ ማን ይፎክራል?

ኦክሬንት ራሱ በመሠረተው ሊግ አንድም ጊዜ ዋንጫ አላነሣም። ሊጉ የዓመቱን ሙሉ ውጤት የሚደምረው፣ ለዕድል እምብዛም ቦታ የማይተወው ዓይነት ነበር። በሳምንታዊው ቢጫወት ኖሮ ቢያንስ የሚያሳብብበት መርሐ ግብር ያገኝ ነበር።